ይድረስ ለሴፍቲኔት

ይድረስ ለከተማ ሴፍቲኔት፣ ባለህበት፤



በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሥራ ስትጀምር አንዷ ሐዋሳ ነበረች። የገጠሩ ታላቅ ወንድምህ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ስንዴና ብር ሲያድል፣ እኛ የከተማ ድሆች አስፋልትና መብራት ስላለን ጠግበን የምናድር እንመስል ነበር። ሐይቅ ዳር እየኖሩ መራብ ደግሞ ለእንግዳ አይገባውም፤ እንግዳ የሚያውቀው አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሚጠበሰውን ቆሮሶ ነው። እኛ ቤት የሚደርሰው ሽታው ብቻ ነበር። ያን ዓመት አባቴ የግንበኝነት ሥራ ጠፍቶበት፣ ሱቅ ያለብን ዱቤ የደብተሩን ገጽ ሞልቶ ነበር።

የሰፈሩ ኮሚቴ ከአንተ ተጠቃሚዎች መካከል ስማችንን ሲያነብ እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። በዕድር የምትከበር ሴት ናት፤ ድሃ ተብሎ በሰው ፊት መጠራት ከረሃቡ ባሰባት። ሦስት ቀን አኩርፋ ከረመች፤ በአራተኛው ወደ ሥራው ሄደች። እሷ ስለማትነግርህ እኔ ልንገርህ ብዬ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጎህ ሳይቀድ መጥረጊያዋን ይዛ መውጣት ሆነ። ቦይ ትጠርግ፣ አባ ኮዳ ከሚባሉት አሞራዎች ጋር እየተጋፋች የፕላስቲክ ጠርሙስ ትለቅም ነበር። ክፍያው ያኔ በቀን 60 ብር ነበር፣ ከሱም ከመቶ 20 እጁ ለቁጠባ ይያዝ ነበር። 12 ብር! «ርቦን እያለ ምን ቁጠባ ነው?» ብዬ ያኔ አምቼሃለሁ፤ ይቅር በለኝ። መሥራት ለማይችሉት ለጎረቤታችን አዛውንት ግን ቀጥታ ድጋፍ ስትሰጣቸው አይቼ አፌን ያዝኩ።

እናቴ የመጀመሪያ ክፍያዋን እንደተቀበለች በቀጥታ ወደ ሱቅ ሄደች። ባለሱቁ ከዕዳችን ላይ ቀነሰ፤ በተረፈው ሽንኩርትና ግማሽ ሊትር ዘይት ገዛች። ለወራት ሽሯችን በውኃ ብቻ ነበር የሚሠራው። ያን ምሽት ድስቱ ውስጥ ሽንኩርቱ ዘይት ሲነካው «ጭ…ስ» አለ። ታናሽ እህቴ ከውጭ ሮጣ ገባች፤ እንግዳ የመጣ መስሏት ነው። እናቴ ስታማስል ጀርባዋን ሰጥታን ስለነበር ፊቷን አላየሁትም።

60 ብር ያኔም ብዙ አልነበረም፤ ኑሮ ውድነቱ እያደር ቆረጣጠመው። አንተም ሁሉንም አልደረስክም፤ በዚሁ ሰፈር ስማቸው ሳይነበብ የቀሩ አውቃለሁ፤ እነሱንም አስብ። በኛ ቤት ግን ያ ያማሁት ቁጠባ ወጥቶ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተገዛበት።

ዛሬ እናቴ እንጀራ ጋግራ ታስረክባለች። የሚረከባት ያው ባለሱቅ ነው። የሚከፍላት በየሳምንቱ ስለሆነ፣ አሁን ደብተር የምትይዘው እሷ ናት።

አክባሪህ፣ የጠራጊዋ ልጅ፤ ሐይቅ ዳር፣ ሐዋሳ