ስለ ሳሎፔት ቀሚስና በሻንጣ ሥር ስለሚቀመጥ ጨርቅ

ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው መርፌና ክር ይዞ ሲታይ የሚደርስበትን ሳቅ የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። እኛም ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት ደርሶብናል። አራት ሆነን በአንዲት ጓደኛችን እናት ቤት ስንሰፋ ከርመን፣ የሰፋነውን ሳሎፔት ቀሚስ ለብሰን ወደ ግቢ በተመለስን ጊዜ፣ አንድ የክፍል ጓደኛችን «ትምህርቱን ትታችሁ ልብስ ሰፊ ሆናችሁ ወይ?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው ለቀልድ የቀረበ ቢሆንም መልሱን በቁም ነገር ልንሰጠው ወደድን።

ውድ አንባብያን፣ እስቲ ከየአልጋችን ሥር ያለውን ሻንጣ እንክፈት! እኛ ስንከፍት ለታናሽ ወንድም ዩኒፎርም ተገዝቶ የተረፈ ሁለት ሜትር ካኪ፣ ጉልበቱ የተቀደደ የጅንስ ሱሪ፣ ከመጋረጃ የተረፈ አበባማ ጨርቅ፣ እንዲሁም «አንድ ቀን ይሰፋል» ተብሎ ሦስት ዓመት የተቀመጠ አቡጀዲ አገኘን። ይህ ሁሉ እያለ ግን «የምንለብሰው የለንም» እያልን ወደ ልባሽ ጨርቅ ተራ ስንመላለስ ኖረናል።

ሳሎፔት ቀሚስን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። እጅጌ የለው፣ ኮሌታ የለው፤ ደረቱ ላይ መከለያ አለው፣ በሁለት ማንገቻ ከትከሻ ይንጠለጠላል፤ ከሥሩ ያለን ሸሚዝ ይለበሳል። ስለዚህ ለጀማሪ እጅ ይመቻል። ካኪውን ለቀሚሱ፣ ስፌቱ ተፈትቶ የተዘረጋውን የጅንስ እግር ለማንገቻና ለኪስ፣ አቡጀዲውን ለደረቱ ገበር አደረግን። የመጋረጃው ጨርቅ የኪስ ውስጥ ሆነ።

ነገሩ ግን እንዳሰብነው አልቀለለም። የመጀመሪያውን የደረት መከለያ ጨርቁን ለሁለት ሳናጥፍ በግምት ስለ ቆረጥነው አንዱ ጎን ከሌላው በሁለት ጣት በለጠ። አቡጀዲውን ሳናጥብ ስለ ሰፋነው፣ ቀሚሱ መጀመሪያ የታጠበ ዕለት ገበሩ ተሰብስቦ ደረቱን አኮማተረው። ጅንሱ በሚደራረብበት ቦታም በቀጭን መርፌ እንነዳለን ብለን ሁለት መርፌ ሰበርን። የጓደኛችን እናት ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው «ልጆቼ፣ አሥር ጊዜ ለክታችሁ አንድ ጊዜ ቁረጡ ሲባል አልሰማችሁም?» አሉን። ከዚያ በኋላ ጥጡን አስቀድመን በሙቅ ውሃ አጠብን፤ ለጅንሱ 16 ቁጥር መርፌ አስገባን፤ ስፌቱ በሚወፍርበት ላይ ፔዳሉን ትተን መዘውሩን በእጃችን ቀስ እያልን አዞርን። ሁለተኛው ቀሚስ ቀና፤ አራተኛውም አማረ። ያወጣነው ገንዘብ ለክር፣ ለመርፌና ለቁልፍ ብቻ ነበር።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ግን ይህን ጽሑፍ ባልጻፍነው ነበር። ልብስ በአገራችን ተማሪዎች ታሪክ ከገንዘብ በላይ ሆኖ ያውቃል። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው፣ በራስ መኰንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ብዙ ተማሪዎች ትርኢቱ የባዕድ ባህል ማስፋፊያ ነው ብለው ተነሡበት። ሊመለከቱ የመጡ ሰዎች ተሰደቡ፣ ተመቱም፤ ፖሊስ ገባ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። ድሃ አገር ለማን ፋሽን ገበያ ትሁን የሚለውን ጥያቄያቸውን አንንቅም፤ ዛሬም ጥያቄያችን ነው። ነገር ግን የሴትን ቀሚስ ርዝመት በዓይን እየለኩ መስደብ ለጥያቄው መልስ ነበርን? እኛስ ዛሬ አጭር ነው፣ ረዥም ነው፣ የፈረንጅ ነው፣ የአበሻ ነው እያልን ከመከራከር አልፈን፣ የሚሰፋው እጅ የማን እንደ ሆነ መቼ ጠየቅን?

ሳሎፔት የፈረንጅ ነው የሚሉን ይኖራሉ። ስሙስ የፈረንሳይኛ ነው። እንግሊዞች ዳንጋሪ የሚሉት ደግሞ በዛሬዋ ሙምባይ ካለው ዶንግሪ ከሚባል ሰፈር ስሙን ያገኘ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ነበር። መርከበኛውና የፋብሪካ ሠራተኛው ለሥራ ሲለብሱት በዓለም ዞረ። እንግዲህ ከህንድ ተነሥቶ ስንቱን አገር ያዳረሰ የሠራተኛ ልብስ፣ በእኛ ካኪና በእኛ እጅ ሲሰፋ የእኛ የማይሆንበት ምክንያት አይታየንም። በሰው ወርቅ አይደምቁ የተባለው ተሠርቶ ለመጣ እንጂ ተምሮ ለሠራ አይመስለንም።

መርፌ የሴት ነው የሚሉ ወንድሞቻችን ደግሞ መርካቶ ወርደው ይመልከቱ፤ መኪናው ላይ ከተቀመጡት ልብስ ሰፊዎች ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። ፈትሉ የሴት ቢሆንም ሸማውን ሲሠራ የኖረው ወንዱ ነው። የቀረብን ልማድ ሳይሆን አክብሮት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። እኛ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተን፣ ዲግሪ ልንይዝ ተቃርበን፣ «ልብስ ሰፊ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ እንወረውረዋለን!

በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የእኛ እኩዮች የሆኑ ልጃገረዶች ለውጭ ገበያ ሸሚዝ ሰፍተዋል። በ2011 ዓ.ም. በወጣ ጥናት እንደ ተገለጸው በወቅቱ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ብቻ ነበር። በምጣኔ ሀብት ክፍል ስለ ኢንዱስትሪ ስንማር ይህን ቁጥር አንብበን አልፈነው ነበር። አንዲት ኪስ ቀጥ አድርጎ ለመስፋት ግማሽ ቀን ከፈጀን በኋላ ግን ያው ቁጥር ሌላ ሆኖ ታየን። ልብስ በርካሽ ሲሸጥልን ርካሹን ዋጋ ማን እንደ ከፈለው ለመጠየቅ፣ አንድ ጊዜ መኪናው ፊት መቀመጥ ከብዙ ሌክቸር ይበልጣል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ ማኅበራችንን የምንለምነው ትንሽ ነገር ነው። ካሉን ክፍሎች አንዱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይከፈትልን፤ ሁለት ያገለገሉ የስፌት መኪናዎች ይገዙልን፤ መቀስና ሜትር እኛ እናመጣለን። ጨርቁ በየሻንጣው አለ። ወንድ ሴት ሳይባል ይመዝገብ፤ ያበላሸነውን ሳይጨምር፣ የቆረጥነውን ንድፍ ለሚፈልግ ሁሉ እናውሳለን።

ለጠየቀን ጓደኛችንም መልሳችን ይኸው፦ ትምህርቱን አልተውንም፤ ልብስ ሰፊ ግን ገና አልሆንንም። ለመሆን እየሞከርን ነው። የተቀደደ ሱሪ ካለህ ቅዳሜ ይዘኸው ና።