አዲስ የመጣው ልጅ የት ይቁም?



በዚህ ገጽ ላይ ዘወትር የምታገኙት የትምህርተ ሃይማኖት ጥያቄና መልስ ነው። ዛሬ ግን አንድ አሳብ አለኝና እርሱን ልንገራችሁ። አሳቡ የእኔ የመምህራችሁ ነው፤ የማይስማማ ልጅ ቢኖር እጁን አውጥቶ ይጠይቀኝ። ወላጆችም ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

መስከረም በጠባ ቁጥር በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ወደየሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳዲስ ልጆች ይመጣሉ። አንዱ አባቱ በሥራ ተዛውሮ ከሌላ አገር የመጣ ነው። ሌላው ከባንጃ ወይም ከአንከሻ ገጠር ለትምህርት ብሎ ከዘመድ ቤት የገባ ነው። ሌላዋ ደግሞ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ከእናቷ ነጠላ ጫፍ ተለይታ የማታውቅ ናት። ሦስቱም በሩ ላይ ሲደርሱ በልባቸው የሚመላለሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም "ከማን ጋር እቀመጣለሁ?" የሚል ነው። ስለ ምሥጢረ ሥላሴ የሚያስብ ልጅ በዚያች ሰዓት የለም፤ ቢኖርም እኔ አላጋጠመኝም።

እኛስ እንዴት እንቀበላቸዋለን? በብዙ ቦታ ያየሁትን ልናገር። ልጁ ይመዘገባል፣ የክርስትና ስሙ ይጠየቃል፣ ከዚያም የመዝሙር ክፍል ኃላፊው "እስቲ አንድ መዝሙር በልልን" ይለዋል። ልጁ በማያውቃቸው አርባና አምሳ ልጆች ፊት ይቆማል፤ ጉሮሮው ይደርቃል፤ ድምፁ ይሰበራል። ከገጠር የመጣ እንደሆነ ደግሞ "ጠ"ን እና "ጸ"ን አፉ እንደለመደው ይላቸዋል። ያን ጊዜ ከመካከል አንዱ ይስቃል። አንዱ ከሳቀ ሌላው ለምን ይቀራል? ከዚያ በኋላ ቦታው የኋላው ረድፍ ነው። ሦስት እሑድ ሳይሞላው ልጁ ይቀራል፤ እኛም በመዝገቡ ላይ "ቀሪ" ብለን እንጽፋለን።

አሳቤ ይህ ልማድ ይቅር የሚል ነው። ልጅ በመጣ በመጀመሪያው ዓመት ድምፁ አይፈተን። አስቀድሞ ጓደኛ ያግኝ፣ ዜማውን በጓደኛው ጎን ቆሞ ይስማ፤ የቀረው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ይህን ስል አዲስ ነገር ያመጣሁ እንዳይመስላችሁ። የአባቶቻችንን የአብነት ትምህርት ቤት ተመልከቱ። አዲስ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ሲመጣ የኔታ የሚጠይቁት ከየት እንደመጣና እስከምን ድረስ እንደተማረ ነው። ከሸዋ ቢመጣ "ሸዌው"፣ ከላስታ ቢመጣ "ላስቴው" እየተባለ ባገሩ ይጠራል። ከጓደኞቹ ጋር "በእንተ ስማ ለማርያም" ብሎ ለመለመን ይወጣል። የትኛው ቤት ክፉ ውሻ እንዳለ የሚነግረው ቀድሞት የመጣው ተማሪ ነው። የተገኘው ቁራሽ ተሰብስቦ አብሮ ይበላል። ማታ ደግሞ አንዱ ሲያሰማ ሌላው እየተቀበለ የቃል ትምህርት ይጠናል። የእኛ ጎጃም በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ጉባኤዎች ስሙ የተጠራው ከየአገሩ የመጣውን ልጅ እንዲህ ተቀብሎ በማኖሩ ጭምር ነው። ረኀቡና ቁንጫው፣ የክረምቱም ብርድ እንዳለ ሆኖ ማለቴ ነው፤ የቆሎ ተማሪነትን ሁሉ ነገሩ ያማረ አድርገው ለልጆች የሚያወሩ ሰዎች እርሱን ያላዩ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ግን የዜማው ትምህርት ራሱ ጓደኛ ያስፈልገዋል። ለምን? ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረ ሊቅ እንደሆነ ታውቃላችሁ። 3ቱ የዜማ ስልቶች ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ፣ 5ቱ መጻሕፍትም ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የእርሱ ናቸው። በድጓው ገጽ ላይ ከፊደሉ በላይ የምታዩአቸው ትንንሽ ምልክቶች የዜማ ምልክቶች ይባላሉ፤ ድፋት፣ ሒደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት 8 ናቸው፤ በኋላ ድርስና አንብር ተጨምረው 10 ሆነዋል። እንግዲህ አንድ ብልህ ልጅ እነዚህን 10 ምልክቶች በአንድ ቀን በቃሉ ሊይዝ ይችላል። ይሁንና ምልክቶቹን ስላወቀ ብቻ አንዲት መስመር እንኳ ማዜም አይችልም። ቅናቱ ምን ያህል ወደ ላይ እንደሚያወጣ፣ ርክርኩ እንዴት እንደሚንከባለል የሚታወቀው ከሰው አፍ በመስማት ነው። የኔታ ደግሞ አንድ ሲሆኑ ተማሪው ብዙ ነው፤ ስለዚህ የበሰለው ተማሪ ታናሹን ይዞ ያስጠናዋል። ጓደኛ የሌለው የዜማ ተማሪ መጽሐፉን ታቅፎ ይቀራል።

በማኅሌትም ጊዜ ካህናቱን አስተውላችሁ ይሆናል። በአንድ ረድፍ ብቻ አይቆሙም፤ በቀኝና በግራ ሆነው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ የሚባሉት ማዕርጎችም ከዚህ የመጡ ናቸው። ቀኙ ሲል ግራው ያዳምጣል፤ ግራው ሲቀበል ቀኙ ዝም ይላል። አንድ ሰው ድምፁ ምንም ያህል ቢያምር ብቻውን ማኅሌት ሊቆም አይችልም።

አሁን ደግሞ ስለ ቋንቋ ልናገር፤ በእኛ አገር ነገሩ በይበልጥ የሚያመው እዚህ ላይ ነውና። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ቤት ውስጥ የምትናገሩት አገውኛ ነው፤ በአንደኛ ደረጃም የምትማሩበት ቋንቋ እርሱ ነው። አማርኛ ብቻ የሚያውቀው ልጅ ዜማው የእርሱ፣ አገውኛ ተናጋሪው ግን እንግዳ ይመስለዋል። ይህ ከቶ ትክክል አይደለም። ያሬዳዊው ዜማ በግዕዝ ነው፤ ግዕዝ ደግሞ ዛሬ የማንም ልጅ የአፍ መፍቻ አይደለም። እንዲያውም አማርኛ የሚናገረው ልጅ ቃሉ ሲመሳሰልበት ገብቶኛል እያለ የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። "ነበረ" የሚለውን ውሰዱ። በአማርኛ ያለፈ ነገርን ያመለክታል፤ በግዕዝ ግን ተቀመጠ፣ ኖረ ማለት ነው። አገውኛ ተናጋሪው ልጅ አላውቅም ብሎ ስለሚጠይቅ ትርጉሙን ቀድሞ በትክክል ሲይዝ አይቻለሁ።

ደግሞስ አገው ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? የላስታዎቹ የዛጔ ነገሥታት አገው ነበሩ። ከእነርሱም ይምርሐነ ክርስቶስን፣ ገብረ ማርያም የተባለውን ሐርቤን፣ ላሊበላንና ነአኩቶ ለአብን ቤተ ክርስቲያናችን በቅድስና ታስባቸዋለች። ዓለም የሚያደንቃቸው 11ዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በአገው ንጉሥ ዘመን የታነጹ ናቸው። በእኛም ዘንድ የሰባት ቤት አገው አባቶች ዘራቸውን ወደ ላስታና ወደ ዋግ እየመዘዙ ያወጋሉ። ስለዚህ በአገውኛ ዘዬ የዘመረ ልጅ ሲመጣ የምትስቁት በማን ላይ እንደሆነ ቆም ብላችሁ አስቡ። እኔ በበኩሌ የመዝሙሩ ትርጉም ለሕፃናቱ በአገውኛም ቢነገር እወዳለሁ፤ የሚችሉ ትልልቅ ልጆች አሉንና።

ከሩቅ አገር አንድ ታሪክ ልጨምርላችሁ። በ4ኛው መቶ ዓመት በአቴና ከተማ ታላቅ ትምህርት ቤት ነበረ። በዚያም አዲስ ተማሪ ሲመጣ ነባሮቹ ይከቡታል፤ በክርክር ያፋጥጡታል፤ ይቀልዱበታል፤ ከዚያም በገበያው መካከል በሰልፍ እየነዱ ወደ መታጠቢያ ቤት ይወስዱታል። በሩ ላይ ሲደርሱ እየጮኹና እየዘለሉ ያስደነግጡታል። ቀጰዶቅያዊው ጎርጎርዮስ ወደ አቴና ቀድሞ ደርሶ ስለነበር ይህን ያውቅ ነበር። ያገሩ ልጅ ባስልዮስ በመጣ ጊዜ ግን ጓደኞቹን አንድ በአንድ እየለመነ ይህ እንዳይደረግበት አስቀረለት። ባስልዮስ እ.ኤ.አ. በ379 ካረፈ በኋላ ጎርጎርዮስ ስለ እርሱ ባደረገው የመታሰቢያ ንግግር ይህን ሁሉ ተርኮታል፤ የወዳጅነታቸው መጀመሪያም ይኸው እንደነበረ ይናገራል። ከዚያ ወዲያ አብረው ኖሩ፤ የሚያውቁት መንገድም ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መምህራን የሚወስደውን ነበር። ይህ ባስልዮስ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራለት ቅዱስ ባስልዮስ ነው። (ኋላ በጵጵስና ሹመት ምክንያት ተቀያይመው እንደነበር ልደብቃችሁ አልፈልግም። ቅዱሳንም ይቀያየማሉ።)

አሁን የመዝሙር ክፍል ኃላፊዎች የሚሉኝን አውቃለሁ። "መምህር፣ በበዓል ቀን ወረቡ በሕዝብ ፊት ሲቀርብ አንድ ልጅ ቢያፈነግጥ ሁሉም ይበላሻል፤ ከበሮ መቺውም ይጠፋዋል" ይሉኛል። እውነት ነው፤ አልክድም። በሕዝብ ፊት ለሚቆመው ቡድን ምርጫ ይኑር፤ ልምምዱን ያላጠናቀቀም ይቆይ። እኔ የምቃወመው የመማሪያው ቦታ ላይ የሚደረገውን ምርጫ ነው። ሌላም ነገር አለ። ወንዶች ልጆች 13 እና 14 ዓመት አካባቢ ሲደርሱ ድምፃቸው ይለወጣል፤ ዛሬ ቀጭን የነበረው ነገ እንደ ጎረምሳ በሬ ያገሣል። በዚያ ወቅት ፈትነን ያስወጣነው ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ምን ዓይነት ድምፅ ሊኖረው እንደሚችል ማን ያውቃል? እኛ ግን እስከዚያ አጥተነዋል።

ሌሎች መምህራን ደግሞ "ልጆቹ የሚመጡት ለከበሮውና ለጓደኛ ብለው ነው፤ ለእምነት አይደለም" ይላሉ። ይምጡ እላለሁ። ትንሹ ሳሙኤል በቤተ መቅደስ ያድር ነበር፤ ያገለግልም ነበር፤ ነገር ግን እግዚአብሔር ሲጠራው ድምፁን ገና አላወቀውም። ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ወደ ዔሊ ሮጠ። ዔሊም "አንተ ገና አልገባህም" ብሎ ከቤት አላስወጣውም፤ ተመልሶ እንዲተኛና ዳግም ሲጠራ ምን ብሎ እንደሚመልስ አስተማረው እንጂ። ሳሙኤል በዚያች ሌሊት በቤተ መቅደሱ ባይገኝ ኖሮ የት ሆኖ ይሰማ ነበር? ለከበሮ ብሎ የመጣ ልጅ ቅዳሴውን ይሰማል፣ ጾሙን ከጓደኞቹ ጋር ይጾማል፣ አንድ ቀንም የሚዘምረው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቃል። ጥያቄው የመጣ ዕለት መምህሩ ሥራውን ይጀምር።

ስለ ቅዱስ ያሬድ ልጅነትም አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ዘንድ እንደኮበለለ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦም አንዲት ትል ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉን ስትወጣ አይቶ እንደተመለሰ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ይህን ታሪክ ስናስተምር ስለ ትሏ ብዙ እንናገራለን። ልጁ ሲመለስ በሩን ስለከፈቱለትና ስለጸለዩለት መምህር ግን እናልፈዋለን። አባ ጌዴዎን "አንተማ ፈተናውን ወድቀሃል" ብለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወጋለት ድጓ ከየት ይመጣ ነበር?

የቅዱስ ያሬድ መታሰቢያ ግንቦት 11 ቀን ነው። ለዚያ ዕለት በክፍላችን የምንዘምረውን አንድ መዝሙር ሁላችሁም ትማራላችሁ፤ ስም የሚሰረዝበት ዝርዝር አይኖርም። ከመጪው እሑድ ጀምሮ በዚህ ዓመት የመጣ ልጅ ሁሉ ከነባሮቹ ከአንዱ ጎን ይቆማል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚቆም በክፍሉ በር ላይ እለጥፋለሁ። አገውኛና አማርኛ የሚችሉ ትልልቅ ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀድማችሁ እንድትመጡ ይሁን፤ ትርጉሙን አብረን እናዘጋጃለን።