የተኛ ኮምፒውተርና የነጋዴው መዝገብ

የካፋ ንግድ በቡናው፣ በማሩ፣ በኮረሪማውና በጥምዙ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በቦንጋ ከተማ የነጋዴው ሀብት በመጋዘን ብቻ ሳይሆን በኮምፒውተር ውስጥም ተቀምጦ ይገኛል፤ ይኸውም የግዢና የሽያጭ ሒሳብ፣ የአቅራቢዎች ዝርዝር፣ የመጋዘን ቆጠራና የጭነት ሰነድ ነው። ከዚህም በላይ የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን ጥበቃ ደንብ፣ ተፈጻሚ የሚሆንበት ቀን ቢራዘምም፣ ቡናው የበቀለበትን መሬት ትክክለኛ መገኛ በማስረጃ የሚጠይቅ ነው። ስለዚህ የአንድ ዲስክ መጥፋት የአንድ ዕቃ መጥፋት ብቻ አይደለም፤ የዓመት ድካም ከገበያ ውጭ ሊያደርግ ይችላል።

በየሱቁና በየቢሮው ዘወትር የሚሰማ አንድ ችግር አለ። ነጋዴው የኮምፒውተሩን ክዳን ዘግቶ ለምሳ ይሄዳል፤ ተመልሶ ሲከፍተው ማሽኑ ከእንቅልፉ ይነቃል፣ ዲስኩ ግን አይገኝም። ፋይል አይከፈትም፣ ወይም ሰማያዊ ገጽ ይወጣል። ጠጋኙም አንዴ አይቶ «ዲስኩ ሞቷል፣ አዲስ ይገዛ» ይላል። ይህ ፍርድ አንዳንድ ጊዜ እውነት ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ ግን ምርመራ ያልቀደመው ፍርድ ነው።

ነገሩን ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጡት የጋራ ደንብ መሠረት የኮምፒውተር እንቅልፍ ደረጃ ደረጃ አለው። ማሽኑ ሊተኛ ሲል ፕሮግራሞቹን ያቆማል፣ ለዲስኩ የሚገባውን ጽሑፍ ያስረክባል፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ ዕቃ «አርፍ» የሚል ትእዛዝ ይሰጣል። ይህን ትእዛዝ ለዲስኩ የሚያደርሰው ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ነው። ሲነቃም ድራይቨሩ መስመሩን እንደገና ከፍቶ ዲስኩን መጠበቅ አለበት። የሚሽከረከር ዲስክ ፍጥነቱን እስኪያገኝ ብዙ ሴኮንዶች ይፈጅበታል። ድራይቨሩ ትዕግሥት አጥቶ ከተወው፣ ወይም የነቃበትን ቅደም ተከተል ከሳተ፣ ደኅናው ዲስክ እንደ ሞተ ይቆጠራል።

ለዚህ ምስክር የሚሆን የታወቀ ጉዳይ አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. የሊኑክስ ሥርዓት ዲስኮች በራሳቸው ጊዜ እንዲያርፉ የሚያደርግ አዲስ አሠራር ሲጀምር፣ አንዳንድ የሳምሰንግ ዲስኮች በተወሰኑ የዴል ላፕቶፖች ላይ ከጥልቁ እንቅልፍ ሳይመለሱ ይሰወሩ ጀመር። መፍትሔው ዲስክ መለወጥ አልነበረም፤ በእነዚያ ማሽኖች ላይ ጥልቁ የእንቅልፍ ደረጃ እንዲቀር ድራይቨሩ ተስተካከለ። ያን ጊዜ ዲስኩን አውጥቶ የጣለ ሰው ደኅና ዕቃ ጣለ ማለት ነው።

ስለዚህ ጠጋኙ በቅደም ተከተል ሊሠራ ይገባዋል። ከሁሉ አስቀድሞ መዝገቡ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ። ቀጥሎ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ይነሣ፤ ዲስኩ ያን ጊዜ ተመልሶ ከመጣ፣ የዲስኩ የራሱ የጤና መዝገብም ጉዳት ካላሳየ፣ ጥርጣሬው ወደ ድራይቨሩ፣ ወደ ፈርምዌሩ፣ ወደ ኬብሉና ወደ ኀይል ቁጠባው ይዙር። የስሕተት መዝገቡም ይነበብ። እዚህ ላይ የሚያዘናጋ ነገር አለ፤ የጠፋው ዲስክ ስሕተቱ ይመዘገብበት የነበረው ዲስክ ራሱ ከሆነ መዝገቡ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ባዶ መዝገብ የደኅንነት ማስረጃ አይደለም፤ በገጹ ላይ የወጣውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ ማንሣት ወይም መልእክቱን በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን መላክ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ሁለት ነገር በአንድነት የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። አንድ ጊዜ በደኅና መንቃቱም አይበቃም፤ በአጭርም በረጅምም እንቅልፍ ደጋግሞ ይፈተን።

«እንቅልፉን ፈጽሞ መዝጋት ይሻላል» የሚሉ አሉ። ለጊዜው መዝገብን ለማዳን ይህ መልካም ምክር ነው። ነገር ግን መብራት ሲሄድ በባትሪ ለሚሠራ ነጋዴ እንቅልፍ ባትሪ የሚቆጥብ መሣሪያ ስለሆነ፣ ዘላቂ መፍትሔ ሊባል አይችልም።

የመብራት ነገር ከተነሣ ደግሞ አንድ ሌላ ጥፋት በዲስክ ላይ ይላከካል። በተራ እንቅልፍ ጊዜ ያልተቀመጠ ሥራ በሜሞሪ ላይ ብቻ ይቆያል፤ ሜሞሪም ኀይል ሲቋረጥበት የያዘውን ሁሉ ይለቃል። የጠረጴዛ ኮምፒውተሩን አስተኝቶ የሄደ ነጋዴ መብራት ቢጠፋበት የከፈተው የሒሳብ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ሃይበርኔት የሚባለው አሠራር ግን ሥራውን በዲስክ ላይ ጽፎ ስለሚያጠፋ ከዚህ አደጋ ያድናል። እንደዚሁም ማሽኑ ተኝቶ ሳለ ተንቀሳቃሽ ዲስክን መንቀል መዝገብን ለጉዳት ማጋለጥ ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ሦስት ነገር ቢለመድ ብዙ ኪሳራ ይቀራል። አንደኛ፣ ነጋዴው ክዳኑን ከመዝጋቱ በፊት የሒሳብ ፕሮግራሙን ይዝጋ፤ የመዝገቡንም ቅጂ በየቀኑ ከማሽኑ ውጭ ያኑር። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተር አስመጪው ዕቃውን ከመሸጡ በፊት አስተኝቶና አንቅቶ ይፈትን፤ ትክክለኛውንም ድራይቨር ከዕቃው ጋር ያስረክብ። ሦስተኛ፣ ዲስክ እንዲለወጥ የተነገረው ባለሱቅ ለፍርዱ ማስረጃ ይጠይቅ። ቡናውን ሳያስቀምስና ሳያስመዝን የማይሸጥ ነጋዴ፣ መዝገቡን የያዘውን ዲስክ ያለ ምርመራ የሚጥልበት ምክንያት የለም።