የአሮጌ መኪና በር



ባለፈው ሳምንት የመንደራችን አሮጌ ላንድሮቨር አሰላ አደረች። ጠዋት ሲታይ የጫነችው የዘር ገብስ የለም! ዘሩ በጋራ ገንዘብ የተገዛ ነው። ሰው ሁሉ ሾፌሩን ጠረጠረ።

እኔም፣ «ጋሼ፣ በሩን አልቆለፉም እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ ቆልፌያለሁ፣ ልጄ! ቁልፉም ይኸው» አሉኝ።

አብረን ሄደን በሩን አየነው። የድሮ ላንድሮቨር የበር መስተዋት ወደ ጎን ይንሸራተታል። መያዣው ከላላ ሌባ ከውጭ ይገፋዋል። እጁን አስገብቶ ከውስጥ ይከፍታል። የቁልፍ ጥርስም በብዙ ዓመት ያልቃል። ያን ጊዜ የሌላ መኪና ቁልፍ ሊከፍተው ይችላል። ጋሼ እውነታቸውን ነው። ቆልፈዋል፤ በሩ ግን አርጅቷል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. የመስተዋቱን መያዣ እንቀይር።
2. ያለቀውን ቁልፍ ከነቤቱ እንለውጥ።
3. በኋላው በር ላይ መቀርቀሪያና ጓጉንቸር እናድርግ። የላንድሮቨር ገላ አሉሚኒየም ነው፤ ብረት አይበየድበትም። መቀርቀሪያው በብሎን ይታሰር። ዳዶው ከውስጥ ይሁን። ከውጭ ከሆነ ሌባ በመፍቻ ይፈታዋል።
4. ቁልፉ አልዞር ሲል ዘይት አናፍስስበት። ዘይት አቧራ ይይዛል። የምንጽፍበትን እርሳስ ፍቀን ጥቁሩን ዱቄት እንጨምርበት።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። የአንድ ጓጉንቸር ዋጋ ስንት ነው? የአንድ ኩንታል የዘር ገብስስ? ጽፋችሁ አወዳድሩ።

ጋሼንም ይቅርታ እንጠይቃቸው።

እነዚህን ቃላት ጻፉ፦ በር፣ ቁልፍ፣ ብሎን፣ ዘር።

ሳምንት እንገናኝ።