አድራሻው ያልታደሰ ስም

አንድ መሥሪያ ቤት ወይም ማኅበር በኢንተርኔት የሚታወቅበት የዶሜይን ስም በየጊዜው በሚታደስ ምዝገባ የሚያዝ እንጂ እንደ ርስት ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ አይደለም። የምዝገባው ጊዜ ሊያበቃ ሲል ማስጠንቀቂያው የሚላከው በመዝገቡ ወደ ሰፈረው ኢሜይል ነው። ኢሜይሉ ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ከሆነ ግን ማስጠንቀቂያውን የሚያነብ አይገኝም። ስሙ ሳይታደስ ይቀርና ሌላ ሰው ሊያስመዘግበው ይችላል፤ ያን ጊዜ በስሙ የሚላከው ደብዳቤ ሁሉ በማይታወቅ እጅ ይገባል።

የዶሜይን ስሞችን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የውል ደንብ መሠረት፥ እንደ ዶት ኮም ያለ ስም ያስመዘገበ ሰው አድራሻው ሲለወጥ በ7 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ስለ አድራሻው ትክክለኛነት ተጠይቆ ከ15 ቀን በላይ ዝም ካለም ስሙ ሊታገድ ወይም ሊሰረዝ ይችላል።

አንዳንዶች የግል ምስጢራቸውን ለመጠበቅ ሲሉ ሐሰተኛ አድራሻ ይሰጣሉ። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የብዙ ግለሰቦች አድራሻ ለሕዝብ ከመታየት ተከልሏል። መሰወር የተፈቀደ ነው፤ መዋሸት ግን ባለቤቱን ራሱን ይጎዳል።

ስለዚህ ሥራ ሲለቅ ማኅተምና ቁልፍ የሚያስረክብ ሠራተኛ የዶሜይኑንም ምዝገባ አብሮ ያስረክብ። መዝገቡ በአንድ ሰው የግል ኢሜይል ሳይሆን በመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ይያዝ። ያም አድራሻ በዚያው ስም ላይ ብቻ የቆመ አይሁን፤ ስሙ ሲቋረጥ ኢሜይሉም አብሮ ይቋረጣልና። በዓመት አንድ ቀን መዝገቡን መመርመር ከባድ ሥራ አይደለም፤ የጠፋን ስም ማስመለስ ግን ከባድ ነው።