ሁለት ሙቀጫ ወይስ ሁለት ዘነዘና?

በዚህ ሰሞን ከሸኮ ወረዳ ሦስት ወጣቶች አንድ ጥያቄ ይዘው መጥተውብኛል። አንደኛው በመሥሪያ ቤት ጀማሪ ሠራተኛ ነው፤ ሁለቱ በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ይማራሉ። ሥራና ትምህርት በሌለበት ቀን ሠርግና ምረቃ እያነሡ ቪዲዮ ያዘጋጃሉ። ዕቁባቸው ስለ ደረሳቸው አሮጌውን ኮምፒዩተር ሊለውጡ አስበዋል። ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ ነው፤ የቀረበላቸው ግን ሁለት ዓይነት ሆነ። አንዱ ከመሥሪያ ቤት የወጣ፣ ሁለት ፕሮሰሰር የተተከለበት ትልቅ ማሽን ነው። ሌላው ፕሮሰሰሩ አንድ ሆኖ «ሃይፐርትሬዲንግ አለው» የተባለለት አዲስ ቢጤ ነው። የማይስማሙት በዚህ ላይ ነው። የጥር ሠርግ ደግሞ አይጠብቅም፤ ሙሽሮች ቪዲዮውን የሚፈልጉት ዘመድ ሳይበተን ነውና።

ነገሩን ከምናውቀው ከቡና እንጀምር። ጀንፈል ቡና በሙቀጫ ሲፈተግ ያላየ በሚዛንም በቴፒም አይገኝም። ሁለት ሴቶች በአንድ ትልቅ ሙቀጫ ዙሪያ ሲቆሙ አንደኛዋ ዘነዘናዋን ስታነሣ ሌላይቱ ትጥላለች። ሙቀጫው ሥራ አይፈታም፤ ሙቀጫው ግን ያው አንድ ነው። ሃይፐርትሬዲንግ ማለት ይህ ነው። ሁለት ሙቀጫ ጎን ለጎን ተቀምጦ በየፊናው ሲወቀጥ ደግሞ ሁለት ፕሮሰሰር ይባላል።

ፕሮሰሰር ብዙ ጊዜ ሥራ ፈትቶ የሚቆመው የሚያሰላው ነገር ከሜሞሪ እስኪመጣለት ሲጠብቅ ነው። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ይህን ባዶ ጊዜ ለሌላ ሥራ የሚሰጥ ዘዴ መጀመሪያ በዚኦን፣ በዚያው ዓመት በኅዳር ገደማ ደግሞ በፔንቲየም 4 ላይ አወጣ። መሐንዲሶቹ እንደ ጻፉት የፕሮሰሰሩ መጠን የጨመረው ከ5 በመቶ ያነሰ ሲሆን፣ በአንዳንድ የሰርቨር ሥራ ላይ ፍጥነቱ እስከ 30 በመቶ አድጓል። እንዲህ ያለ ትርፍ የሚናቅ አይደለም። ዳሩ ግን 30 በመቶ እንጂ እጥፍ አይደለም።

አሁን ወደ ሠርጉ ቪዲዮ እንምጣ። የሁለት ሰዓት ፊልም በሰከንድ 25 ምስል ቢሆን 180,000 ምስል ይሆናል። እያንዳንዱ ምስል 1920 በ1080 ሲሆን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለበት። ሬንደር በሚደረግበት ጊዜ ማሽኑ እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ እያየ ይጨምቃቸዋል። በሰከንድ 10 ምስል የሚጨርስ ማሽን አለን እንበል፤ ሥራው 5 ሰዓት ይፈጃል። ሃይፐርትሬዲንግ በሩብ ቢያፈጥነው 4 ሰዓት ይሆናል። ያንኑ የመሰለ ሁለተኛ ፕሮሰሰር ቢጨመርለትስ? ጂን አምዳል የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒዩተር መሐንዲስ በ1967 ያሳየው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ከሥራው ለሁለት የማይከፈል ክፍል ይኖራል፤ ያ ክፍል በሠራተኛ ብዛት አይፈጥንም። የማይከፈለው አንድ ዐሥረኛው ቢሆን 5 ሰዓቱ ወደ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይወርዳል።

እንግዲህ ሁለት ሙቀጫ ይበልጣል ብላችሁ አትሩጡ። ይህ ሒሳብ የሚሠራው ሁለቱ ማሽኖች እኩዮች ሲሆኑ ነው። ከመሥሪያ ቤት ወጥተው ከሚሸጡት ዓይነት አንዱን ልጥቀስ፤ ዚኦን ኢ5-2670 የወጣው በ2012 ነው። ስምንት ኮር አለው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 16 ይሆናሉ። ማሽኑ ግን 32 አድርጎ ያሳያል። ለምን? እርሱም ሃይፐርትሬዲንግ ስላለው ነው! ስለዚህ ወጣቶቹ «ይህ ወይስ ያ» እያሉ የተከራከሩበት ስም ራሱ የተሳሳተ ነበር። ይህን ስነግራቸው አንደኛው በሳቅ ፈነዳ፤ ሁለቱ ግን አልሳቁም።

ሻጭ 32 ሲላችሁ እንዳትደነግጡ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን በአንድ ጊዜ ተጫኑ። በሚከፈተው መስኮት ውስጥ ሲፒዩ ከሚለው ገጽ ላይ ሶኬት፣ ኮርና ሎጂካል ፕሮሰሰር የሚሉ ሦስት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። የሙቀጫው ቁጥር ኮር የሚለው ነው። ሶኬት የሚለው አንድ ብቻ ካለ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ «ሆም» የሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት የሚቀበለው አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ስለሆነ ሁለተኛው ተተክሎም ያለ ሥራ ይቀመጣል። ሜሞሪውም በሁለቱ ፕሮሰሰሮች በኩል ተከፋፍሎ መተከል አለበት፤ አለዚያ አንደኛው ቡናውን ሁልጊዜ ከጎረቤቱ ቁና እየጨለፈ ነው የሚወቅጠው።

መብራቱንም አስቡ። የጠቀስሁት ዚኦን እያንዳንዱ 115 ዋት የተመደበለት ስለሆነ ሁለቱ ሲደክሙ 230 ዋት ገደማ ይበላሉ፤ የቀረው ዕቃ ሳይቆጠር ማለት ነው። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ቦታ ይህን የሚሸከም ዩፒኤስ ርካሽ አይደለም። ኤምፒ4 ፋይል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ማውጫው የሚጻፈው በመጨረሻ ስለሆነ በአራተኛው ሰዓት መብራት ቢጠፋ ያለቀውም አይከፈትም። እኔ ራሴ እንዲህ ሆኖብኝ አንድ ሌሊት ሙሉ ከስሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ ሥነ ሥርዓቱን ለብቻ፣ ምሳውን ለብቻ፣ መልሱን ለብቻ አድርጌ ነው ሬንደር የማደርገው። ሁለት ፕሮሰሰር ያለው ሰውም ሁለቱን ክፍል በአንድ ጊዜ ቢለቃቸው ሁለተኛው ሙቀጫ ያን ጊዜ በእውነት ይሠራል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ኢንቴል ከ2011 ጀምሮ በብዙ ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ «ኩዊክ ሲንክ» የሚባል፣ ቪዲዮ መጭመቅ ብቻ የተመደበለት ክፍል አስገብቷል። ከተራው ኮር ይልቅ እጅግ ይፈጥናል፤ ኤሌክትሪክም ይቆጥባል። እነዚያ አሮጌ ዚኦኖች ይህ የላቸውም። እርግጥ ነው፣ በእኩል የፋይል መጠን በዝግታ የሚሠራው ሶፍትዌር የጠራ ምስል ይሰጣል። በስልክ ለሚታይ ሠርግ ልዩነቱን የሚያይ የለም። ነገር ግን ከተማሪዎቹ አንዱ የሸኮ ሽማግሌዎች በገዛ ቋንቋቸው ሲያወጉ ቀርጾ ያስቀምጣል፤ ለዚያ ሥራ ሌሊቱን ሙሉ በሶፍትዌር ቢሠራ እመክረዋለሁ። ኢንቴል ራሱ በ2024 ባወጣቸው አንዳንድ አዳዲስ ፕሮሰሰሮች ላይ ሃይፐርትሬዲንግን ትቶታልና፣ ስሙ የለበትም ተብሎ ማሽን አይጣልም።

ለሦስቱ የነገርኋቸው ይህ ነው፤ ለሠርጉ ሥራ አንድ ፕሮሰሰር ያለውን አዲሱን ውሰዱ፤ ዩፒኤሱም ያን ያህል ትልቅ መሆን አያስፈልገውም። ነገር ግን በቃሌ ብቻ አትግዙ፤ ካለፈው ሠርግ የአምስት ደቂቃ ቁራጭ በፍላሽ ይዛችሁ በሁለቱም ላይ በአንድ ዓይነት ምርጫ ሬንደር አድርጉና በሰዓት ለኩ። ሻጩ እንቢ ካለም መልሱ ያ ነው። ቅዳሜ ጧት ፍላሹን ይዘው ወደ ጅማ ተሳፍረዋል።