የታመመ ሕፃን አይጹም

ቆሞ መሄድ የጀመረን ሕፃን ከሚያጠቁት ደዌያት መካከል እንደ ሰነበተ ተቅማጥ ሰው የሚንቀው የለም፤ ምክንያቱም ሲጀምር ትኩሳቱም ጩኸቱም አነስተኛ በመሆኑ፣ እናቲቱ «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ስትባል አንድ ሳምንት፣ «ብርድ መትቶት ነው» ስትባል ሌላ ሳምንት ትጠብቃለች፤ በዚያው መካከል የልጁ ጉንጭ ይጎድላል፣ ጭኑ ይሟሽሻል፣ ጨዋታውንም ይተዋል። ከደጀን ተነሥቶ በሉማሜና በአምበር አልፎ ደብረ ማርቆስ የሚገባ መንገደኛ በግራና በቀኝ የሚያየው የጤፍና የስንዴ ማሳ ነው፤ ዳሩ ግን በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከ100ው 46ቱ ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ እህል በሚታፈስበት አገር ልጅ የሚቀጭጭ ከሆነ፣ ምክንያቱን በጎተራው ብቻ ሳይሆን በልማዳችንም ውስጥ መመርመር ይገባናል፤ እኔም እንደማምነው፣ የታመመውን ሕፃን ከተቅማጡ ባልተናነሰ የሚጎዳው፣ በፍቅርና በጥንቃቄ ስም እኛው የምንጭንበት ጾም ነው።

ይህ ጾም ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ አንደኛው ከፍርሃት የሚመነጨው ነው፤ ይኸውም «የበላው ሁሉ ስለሚወጣ ሆዱ ይረፍ» በማለት ምግቡን ማቅጠን፣ ውሃውን መከልከልና ጡቱን ማራቅ ነው። አሳቡ ለሰሚው የቀና ቢመስልም የአካላችን ሥርዓት የሚያስተምረው ተቃራኒውን ነው። ተቅማጥ የአንጀትን ውስጠኛ ሽፋን ይጎዳል፤ ያም ሽፋን ራሱን የሚያድሰው በምግብ ኃይል በመሆኑ፣ ምግብ የተከለከለ አንጀት ሳይጠገን ይሰነብታል፣ ያልተጠገነ አንጀትም የቀረበለትን በሚገባ መምጠጥ ስለማይችል ተቅማጡ ይቀጥላል፤ እንዲህ እየሆነ ተቅማጥ ረኃብን፣ ረኃብም ተቅማጥን ይወልዳል።

ሁለተኛው ጾም ከአክብሮት የሚመነጨው ነው። በዓመት ከ180 የማያንሱ የጾም ቀኖች በሚጠበቁበት ቤት የምትኖር እናት፣ ልጅዋ እንዲጾም ፈልጋ ሳይሆን፣ ድስቱና ማንኪያው በቅቤና በወተት እንዳይነካባት ፈርታ፣ ለሕፃኑም ያንኑ የጾም ወጥ በውሃ አቅጥና ታቀርብለታለች። በተለይም ፍልሰታ፣ ነሐሴ 1 ቀን ሲገባ፣ ክረምቱ ገና ሳይወጣና ጎርፉ ምንጩን እያደፈረሰ ስለሚገኝ፣ ተቅማጥ የሚበዛበት ወራትና የሕፃኑ ምግብ የሚሳሳበት ወራት አንድ ላይ ይገጥማሉ።

ይህ ግን ልማድ እንጂ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይደለም። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ በጾም ግዴታ እንደማይያዝ፣ ሕመምተኛም ከጾም እንደሚፈታ መምህራኑ ያውቁታል፤ ስለዚህ የታመመ ሕፃን በዕድሜውም በደዌውም ነጻ ነው። ሐኪምንና መድኃኒትን ማክበርም ከሃይማኖት የሚያርቅ አይደለም፤ መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ይህንኑ ያስተምራልና። በጸበል የሚታመን ወላጅም ልጁን ጸበል ሲያስጠምቅ ምግቡንና መድኃኒቱን ይከልክለው ዘንድ የሚያስገድደው ምንም ነገር የለም።

የሕክምና ሊቃውንት ተቅማጥ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ሲቆይ «የሰነበተ» ይሉታል፤ ወላጅም ቀኑን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሊቈጥር ይገባዋል። በጤና ኬላ የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ማለት ኦ.አር.ኤስን፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ በጥብጦ፣ ሕፃኑ ባስቀመጠው ቍጥር፣ ሁለት ዓመት ላልሞላው ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ከግማሽ እስከ ሙሉ ብርጭቆ በዝግታ ማጠጣት፣ ካስመለሰውም ዐሥር ደቂቃ ያህል ታግሦ እንደገና መስጠት፣ 24 ሰዓት ያለፈውን ብጥብጥ መድፋት ነው። ከዚህ ጋር የዚንክ እንክብል፣ ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ ተቅማጡ ቀድሞ ቢቆምም አይቋረጥም። ጡት የሚጠባው አዘውትሮ ይጥባ፤ የላም ወተት የሚጠጣው፣ የተጎዳ አንጀት የወተቱን ስኳር በሚገባ ስለማይፈጨው፣ በወተቱ ፈንታ እርጎ ይሰጠው፤ ገንፎውም ወፈር ብሎ በቅቤና በእንቁላል ይዳብር፤ ከዳነም በኋላ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ማዕድ ይጨመርለት። ጨውና ስኳር በልክ የተቀላቀለበት ውሃ ምን ያህል ነፍስ እንደሚያድን፣ እ.ኤ.አ. በ1971 በሕንድ ድንበር በባንጋኦን የስደተኞች ሰፈር፣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በዚሁ መድኃኒት የኮሌራን ሞት ከ100ው ከ30 ገደማ ወደ 4 ገደማ ባወረዱ ጊዜ ለዓለም ተገልጧል።

በአንጻሩ ግግ ማስወጣትና እንጥል ማስቆረጥ ለተቅማጥ ፈውስ ሆነው አያውቁም፤ የደከመውን ሕፃን ለመድማትና ለመመረዝ አሳልፈው ይሰጡታል እንጂ። ተቅማጥን በግድ የሚያቆም ኪኒን ከመደብር ገዝቶ ለሕፃን መስጠትም እንዲሁ አደገኛ ነው። ሰገራው ደም የቀላቀለ፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ ቆዳው ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ የማይመለስ፣ መጠጣት ያቃተው ወይም የፈዘዘ ሕፃን አንድ ቀን እንኳ ሳይታለፍ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት፤ 14 ቀን የሞላውም እንዲሁ።

ይህን ሁሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መርሐ ግብራቸው በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቤቱ እየዞሩ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ምስጋናም ይገባቸዋል። ነገር ግን ስለ ጾም የሚነሣውን ጥያቄ እነርሱ ሊፈቱት አይችሉም፤ እናት በዚህ ነገር የምትሰማው የንስሐ አባቷን ነውና። ጎጃም ከዲማ ጊዮርጊስ እስከ ደብረ ኤልያስ ስመ ጥር ጉባኤ ቤቶች ያሏት፣ ሊቃውንቷም በአገሩ ሁሉ የተከበሩላት ምድር ስለ ሆነች፣ ይህ ትምህርት ከዚህ ቢነሣ የሚደርስበት ርቀት ሩቅ ነው። «ሥርዓት ይላላል» ብሎ የሚሰጋ ቢኖር፣ ሥርዓቱ ያልጠየቀውን ከሕፃን መጠየቅ ሥርዓቱን ማክበር አለመሆኑን ያስተውል።

ስለዚህ የአምበርና የአካባቢው ካህናት፣ ዐቢይ ጾምና ፍልሰታ ከመግባታቸው በፊት ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ቆመው፣ ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን፣ ይልቁንም የታመመው፣ እንቁላሉንና እርጎውን እንዳይከለከል በግልጥ ቃል ያውጁ፤ የንስሐ አባቶችም በየቤቱ ሲገቡ «የልጁ ዕቃ የት ነው?» ብለው ይጠይቁ። አባወራዎች ደግሞ ለሕፃኑ የሚሆን አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳሕንና አንድ ማንኪያ ለይተው ይግዙ፤ እናቲቱ ጾሟንም ልጅዋንም ሳትጎዳ ሁለቱንም ትጠብቅ ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ ወጪ የለባቸውም።